የሰኔና የታኅሣሥ ቼክ፦ ቼሮኪዎች የካሲኖ ትርፋቸውን እንዴት ተካፈሉት

መንገድ ዳር አንድ ሰው ቆሟል። እስከ ወገቡ የሚወርድ የላባ ቆብ ደፍቷል። ከኋላው ሾጣጣ ድንኳን ተተክሏል። ቱሪስቶች ከመኪና ይወርዳሉ፣ ልጆቻቸውን አጠገቡ ያቆማሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ጥቂት ዶላር ጉርሻ ያስጨብጡትና ይሄዳሉ። እሱ ቀጣዩን መኪና ይጠብቃል።

ሰውየው ቼሮኪ ነው፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የአንዱ ሰው። ላባውና ድንኳኑ ግን የቼሮኪ አይደሉም። የነላኮታ፣ የሩቁ ሜዳማ አገር ሰዎች ናቸው። የቼሮኪ ወንዶች ድሮ የሚጠመጥሙት ሻሽ ነበር። የሚኖሩትም በእንጨትና በጭቃ ቤት ነበር። ምን ይደረግ፣ ቱሪስቱ የሚፈልገው ሲኒማ ላይ ያየውን «ቀይ ሕንድ» ነው። ሻሽ ጠምጥሞ ለቆመ ሰው ማንም መኪናውን አያቆምም። ሥራው ስምም ነበረው፣ «ቺፊንግ» ይሉታል። «አለቃ መምሰል» እንደማለት።

ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ እዚያ አካባቢ ገንዘብ እንዴት ይገባ እንደነበር ከዚህ ሰውዬ በላይ የሚያሳይ ስላላገኘሁ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ገቢው ከመንገደኛ ነው። መንገደኛው የሚመጣው በሙቀቱ ወራት ነው፣ ቢበዛ የዛፎቹ ቅጠል እስኪቀላ ድረስ። ከዚያ ብርዱ ይገባል። የቅርሳ ቅርስ ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ ሞቴሎቹ ሠራተኛ ያሰናብታሉ። እስከ ፀደይ ድረስ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ ለብዙዎችም ከዚያ በታች።

ቦታው ቋላ ባውንደሪ ይባላል። በሰሜን ካሮላይና ምዕራባዊ ጫፍ ያለ፣ 23 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን ተራራማ መሬት ነው። ከታላቁ ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። ፓርኩ በመላው አሜሪካ ካሉት ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ብዙ ጎብኚ የሚያስተናግደው ነው። ነዋሪዎቹ ራሳቸውን «የቼሮኪ ሕዝብ ምሥራቃዊ ክፍል» ብለው ይጠራሉ። ምክንያቱም ብዙው ቼሮኪ ያለው ወደ ምዕራብ፣ ኦክላሆማ ነው።

ዛሬ የመንገድ ምልክቶቹ ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን ሌላ ጽሕፈት ታያላችሁ። ሴኮያ የተባለ ቼሮኪ በ1821 ሠርቶ የጨረሰው ፊደል ነው። 85 ሆሄያት አሉት። እያንዳንዱ ሆሄ እንደኛው ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። ሀ ሁ ሂ ቆጥሮ ላደገ ሰው ሐሳቡ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ ሆሄያቱ እንደኛዎቹ የቤተሰብ መልክ የላቸውም። «ጋ» እና «ጎ» በመልክ አይዛመዱም። እያንዳንዱን ለብቻው መሸምደድ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልለፈው። በ1830 የወጣ ሕግ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ያሉ ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን ለቅቀው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ እንዲሄዱ መንገድ ከፈተ። በ1838 ወታደሮች ቼሮኪዎችን ከየቤታቸው ለቀሙ። 16 ሺህ ገደማ ሰው ወደ ምዕራብ ተነዳ። በመንገድና በካምፕ 4 ሺህ ያህሉ እንዳለቀ በብዛት ይገመታል። ጉዞው «የእንባ መንገድ» ተብሎ ቀረ። ጥቂቶች ተራራ ውስጥ ተደብቀው፣ ሌሎች ደግሞ ከመጀመሪያውም በተለየ ስምምነት ስለነበሩ ቀሩ። ዮናጉስካ የተባለ የቼሮኪ አለቃ እንደ ልጁ ያሳደገው ዊሊያም ቶማስ የሚባል ነጭ ነጋዴ ነበር። ቼሮኪዎቹ መሬት በስማቸው መግዛት ስላልቻሉ እሱ በራሱ ስም ገዛላቸው። የዛሬው ቋላ መሠረቱ ያ ነው።

ስለ ድህነቱ ስናወራ የመሬቱ ጉዳይ መታለፍ የለበትም። መሬቱን የፌዴራል መንግሥት በአደራ ይዞታል። አባላቱ የመያዝ መብት አላቸው። ለውጭ ሰው መሸጥ ግን አይችሉም። ይህ መሬቱን ከመነጠቅ አድኖታል። በሌላ በኩል ባንክ መያዣ አድርጎ ሊወርሰው የማይችለውን መሬት አይቶ አያበድርም። ስለዚህ ጎረቤት ከተማ ያለው ነጭ ገበሬ ቤቱን አስይዞ ሱቅ ሲከፍት ቼሮኪው በዚያ መንገድ መሄድ አልቻለም። መሬት እያላቸው ካፒታል የላቸውም። አንዳንዱ ሰው «ለምን አይሠሩም ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ መልስ ይኸው።

ቁማሩ የመጣው በፍርድ ቤት በኩል ነው። በፍሎሪዳ ሴሚኖል የተባሉት ነባር ሕዝቦች በ1979 ትልቅ የቢንጎ ቤት ከፈቱ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ግዛቶቹ ከሰሱ። በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለነባር ሕዝቦቹ ፈረደላቸው። በማግሥቱ ዓመት ኮንግረስ ሕግ አወጣ፦ ካሲኖ መክፈት ትችላላችሁ፣ ግን ከግዛቱ ጋር ተስማሙ፤ ገንዘቡም ለማኅበረሰቡ አስተዳደር፣ ለልማትና ለአባላት ደኅንነት ይዋል። ለአባላት በነፍስ ወከፍ ማካፈል የሚፈልግ ደግሞ ዕቅዱን ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አስጸድቆ ነው። የቋላ ቼሮኪዎች ከሰሜን ካሮላይና ጋር በ1994 ተፈራረሙ። ትልቁ ካሲኖ በኅዳር 1997 ተከፈተ። ያኔ ዋና አለቃቸው ጆይስ ዱጋን ነበረች፣ በምርጫ ለዚያ ወንበር የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት። የቀድሞ መምህርትም ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካሲኖ የከፈተ ማኅበረሰብ ብዙ ነው። እኔን የሳበኝ አከፋፈሉ ነው።

የማኅበረሰቡ ምክር ቤት ከትርፉ ግማሹ ለአስተዳደሩ፣ ግማሹ ለአባላቱ ይሁን አለ። የአባላቱ ድርሻ እኩል ይከፈላል። በመዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ ሥራ ይኑረው አይኑረው፣ እዚያ ይኑር ወይም አትላንታ፣ ያው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔና በታኅሣሥ ይመጣል። ማመልከቻ የለም። ድሃ መሆንህን የሚመሰክር ወረቀት የለም። ቤት ለቤት እየዞረ ድስትህን ከፍቶ የሚያይ ሠራተኛ የለም። ደጅ መጥናት የለም። ሰዉ «ፐር ካፕ» ይለዋል፣ የነፍስ ወከፍ ማለት ነው። ሲጀመር በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነበር። በ2001 ለአንድ ሰው በዓመት 6 ሺህ ዶላር ገደማ ደረሰ። ኋላ ላይ ከ10 ሺህ አለፈ። የፌዴራል ግብር ይቆረጥበታል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ቆም ብሎ «ለሀብታሙም እኩል? ይሄ ፍትሕ ነው?» ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን ስሌቱን ተመልከቱ። ሁለት አዋቂ አባላት ያሉት ቤት በዓመት 8 ሺህ ዶላር አገኘ እንበል። ገቢው 80 ሺህ ከነበረ 10 በመቶ ጨመረ፣ ምናልባት የመኪናውን ሞዴል ይቀይራል። ገቢው 10 ሺህ ከነበረ 80 በመቶ ጨመረ። ያ ቤት ሌላ ቤት ሆነ ማለት ነው። እኩል ድርሻ ልዩነቱን በዶላር አያጠብበውም፤ በክብደት ግን ያጠብበዋል። ደግሞ ለሁሉም ስለሚሰጥ «የድሃ ገንዘብ» የሚል ስም አልወጣለትም። የምክር ቤት አባሉ የሚቀበለውን ቼክ ያ የላባ ቆብ የደፋው ሰውዬም ይቀበላል።

ይህ ሁሉ የአንድ ተራራ ሥር ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፣ አንድ አጋጣሚ ባይኖር። የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ጄን ኮስቴሎና ባልደረቦቿ በ1993፣ ካሲኖው ከመከፈቱ ዓመታት ቀድመው፣ በዚያ አካባቢ 1,420 ልጆችን መከታተል ጀምረው ነበር። ልጆቹ የ9፣ የ11ና የ13 ዓመት ነበሩ። ሩቡ ያህል ቼሮኪዎች ናቸው፣ የቀሩት የጎረቤት ልጆች። ጥናቱ ስለ ቁማርም ስለ ገንዘብም አልነበረም፣ የገጠር ልጆች የአእምሮ ጤና እንዴት ነው የሚል ነበር። በየዓመቱ ልጁንም ወላጁንም ቁጭ አድርገው ይጠይቃሉ። ጥናቱ መሃል ላይ ሳለ ለቼሮኪዎቹ ቤት ቼክ መምጣት ጀመረ፣ ለጎረቤቶቹ አልመጣም። ተመራማሪ ሆን ብሎ ሊያዘጋጀው የማይችለው ፈተና እጃቸው ላይ ወደቀ። አንዳንዴ ዕድል እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ውጤት በ2003 ታተመ። ከቼሮኪ ቤተሰቦቹ 32 በመቶ ገደማ መጀመሪያም ድሃ አልነበሩም። 14 በመቶ በገንዘቡ ዘመን ከድህነት ወለል ወጡ። 53 በመቶ ገንዘቡ እየመጣም ከወለሉ በታች ቀሩ። ቁጥሩን ሁለቴ አንብቡት። ቼኩ ለሁሉም ደርሷል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ግን አሁንም ድሃ ናቸው።

እንዴት? የራሴን ምሳሌ ልስጥ፣ ቤተሰቦቹ የምናብ ናቸው። በ2000 ለአራት ሰው ቤተሰብ የድህነት ወለሉ 17 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። አንደኛው ቤት ባልና ሚስት ሁለቱም አባላት ናቸው፣ በሥራቸው 12 ሺህ ያገኛሉ። አራት አራት ሺህ ሲጨመርላቸው 20 ሺህ ሆነ፣ ወለሉን ተሻገሩ። ሁለተኛው ቤት ውስጥ አባሏ እናትየዋ ብቻ ናት። ገቢያቸው 8 ሺህ ነው። አንድ ቼክ ሲጨመር 12 ሺህ። ትንሽ ቀለል አላቸው፣ ግን እዚያው ናቸው። የልጆቹ ድርሻ ደግሞ ወላጅ እጅ አይገባም፣ እስኪያድጉ በአደራ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ቤት የሚያገኘውን የሚወስነው የሚበላው አፍ ብዛት ሳይሆን መዝገብ ላይ ስማቸው ያለ አዋቂዎች ቁጥር ነው።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ከድህነት በወጡት ቤቶች የልጆቹ የባሕርይ ችግር ምልክቶች፣ ማለትም መደባደብ፣ መስረቅ፣ እምቢተኝነት፣ በ40 በመቶ ቀነሱ። መጀመሪያም ድሃ ካልነበሩት ልጆች ጋር እኩል ሆኑ። ድህነት ውስጥ በቀሩት ቤቶች ለውጥ አልታየም። ጭንቀትና ድብርት ላይ ደግሞ በየትኛውም ቤት የታየ ለውጥ የለም። ገንዘብ ሁሉን አያክምም ማለት ነው። የጎረቤት ልጆችም ቤተሰባቸው በሌላ ምክንያት ከድህነት ሲወጣ ተመሳሳይ መሻሻል አሳዩ፤ ነገሩ የቼሮኪነት ጉዳይ አልነበረም።

ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት ነገር ቤት ውስጥ ነበር፦ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚከታተሉበት ጊዜ አገኙ። ሌላ ብዙ ነገር ፈትሸዋል፤ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ይህ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቤት ውስጥ ሰው አለ። የት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ የሚል ሰው። እንደኔ አስተያየት ገንዘቡ የገዛው ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ የእናት ከሰዓት በኋላ። ሱቅ ላይ አይሸጥም፣ ግን በገንዘብ ይገዛል።

«ሰው ገንዘብ በነፃ ካገኘ ይሰንፋል» የሚለውን እዚህ አገርም እንሰማዋለን። የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ በ2005 ሲጀመር መሥራት ለሚችለው ተረጂ እርዳታው ከሕዝባዊ ሥራ ጋር የተያያዘው አንዱም ለዚህ ሥጋት ነው። ቋላ ላይ ምን ሆነ? ራንዳል አኪ የተባለ ኢኮኖሚስት ከነኮስቴሎ ጋር ሆኖ በ2010 ባሳተመው ጥናት ወላጆቹ ሥራ መሥራት እንዳልቀነሱ አሳየ። እነዚህ ልጆች 21 ዓመት ሲሆናቸው ደግሞ፣ ድሃ ከነበሩት ቤቶች የመጡት፣ በዓመት 4 ሺህ ዶላር ተጨማሪ ገቢ የአንድ ዓመት ያህል ተጨማሪ ትምህርት ሆኖላቸው ነበር። በ16ና በ17 ዓመት ቀላል ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸው በ22 በመቶ ቀነሰ። ለተሻሉት ቤቶች ልጆች ግን ለውጡ እምብዛም ነው። ቀድሞም ያለው ሰው ላይ ጨምር ብትጨምር አይታይም።

ዕድሜም ለውጥ አመጣ። በ2010 በወጣ ሌላ ውጤት መሠረት ገንዘቡ ሲጀምር ትንንሽ የነበሩት ልጆች አዋቂ ሲሆኑ ከታላላቆቻቸው ያነሰ የመጠጥና የዕፅ ችግር ነበረባቸው። ቼኩ ሲጀምር ታናሾቹ 12 ዓመት ገደማ ነበሩ፣ ታላላቆቹ 16። አራት ዓመት ብዙ አይመስልም። ለ16 ዓመት ልጅ ግን «የት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ነው የመጣለት።

መጥፎው ጎን አልተደበቀም። ደስ የሚለኝም እሱ ነው፣ ያው የጥናት ቡድን ሳይሸፋፍን ጻፈው። ድሃ በነበሩት ቤቶች ያደጉ ልጆች ክብደታቸው ጨመረ። የተሻሉት ግን ቀነሱ። እንዲህ ያለውን ነገር መገመት አይከብድም። ለዘመናት በርካሽ ምግብ ያደረ ቤት ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ያንኑ ምግብ አብዝቶ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በ2011 ከባዱን አወጡ፦ ትልቁ ክፍያ በሚመጣባቸው ወራት በድንገተኛ አደጋ የሚሞት ሰው ይበዛል።

ይህን ሳነብ ዕቁብ ትዝ አለኝ። ዕቁብ የደረሰው ሰው ያን ሳምንት የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘቡ በየወሩ ተቆራርጦ ቢመጣ ዳቦና ኪራይ ይሆናል። ስድስት ወር ተጠራቅሞ ሲመጣ ግን መኪና ይሆናል፣ ጉዞ ይሆናል፣ መጠጥም ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ የተሰበረ ጣሪያ በወር 300 ዶላር አይጠገንም፣ የቆየ ዕዳም በቅንጥብጣቢ አያልቅም። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ብጠየቅ በየወሩ ይምጣ እላለሁ፣ የክረምቱ ማሞቂያ ሂሳብ በሰኔ ስለማይመጣ። ማን ጠየቀኝ እንጂ።

ትልቁ ዕቁብ ግን የ18 ዓመቱ ነው። የልጁ ድርሻ ከተወለደ ጀምሮ በአደራ እየተጠራቀመ ኢንቨስት ይደረጋል። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ 18 ሲሞላው ይወስዳል። ካልጨረሰ እስከ 21 ይጠብቃል። ይህች ሁኔታ ብልህ ናት፦ ለትምህርት ብዙ ከሚሰብክ ሰው ይልቅ ሦስት ዓመት የሚያስጠብቅ ቼክ ይናገራል። ካሲኖው 20 ዓመት ገደማ ሲሞላው አንድ የ18 ዓመት ልጅ ከግብር በፊት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠብቀው ነበር። 18 ዓመትና 100 ሺህ ዶላር። የሆነውን ልንገራችሁ አይገባም፣ መኪና ሻጮች ያውቃሉ። ቤት የገዙና ዩኒቨርሲቲ የጨረሱም አሉ። ማኅበረሰቡ መጀመሪያ ስለ ገንዘብ አያያዝ ኮርስ ግዴታ አደረገ። ኋላ ላይ ምክር ቤቱ ክፍያውን ከፈለው፣ ከፊሉ በ18፣ ከፊሉ በ21፣ የቀረው በ25።

ስለ ሌላው ግማሽ፣ ስለ አስተዳደሩ ድርሻ ብዙ አይወራም። ጥናቶቹም የለኩት ቼኩን ነው። እኔ ግን ቼኩና ሕንፃዎቹ ተነጣጥለው የሚታዩ አይመስለኝም። በ1996፣ ትልቁ ካሲኖ ገና ሳይከፈት፣ ኪቱዋ የሚባለውን የጥንት እናት መንደራቸውን፣ 125 ሄክታር ገደማ የእርሻ መሬት፣ መልሰው ገዙ። የራሳቸውን መሬት በገንዘባቸው። በ2002 ሆስፒታሉን ከፌዴራሉ የጤና አገልግሎት ተረክበው ራሳቸው ማስተዳደር ጀመሩ፣ በ2015 አዲስ ሕንፃ ገቡበት። በ2009 አዲስ የትምህርት ቤት ግቢ ተከፈተ። ሕፃናት በቼሮኪ ቋንቋ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም አለ። ቋንቋውን እየተናገሩ ያደጉት ሽማግሌዎች እያለቁ ስለሆነ ሩጫው ከሞት ጋር ነው። ካሲኖው ራሱ ደግሞ በረዶም ሆነ ፀሐይ የማይዘጋ ሥራ አመጣ፣ ለቼሮኪውም ለጎረቤቱም። በ2015 መርፊ ከተማ አጠገብ ሁለተኛ ካሲኖ ተጨመረ።

አንባቢ ከዚህ ተነስቶ «በቃ፣ ነባር ሕዝቦች በካሲኖ በለጸጉ» ብሎ እንዳይሄድ። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል መንግሥት የታወቁ ከ570 በላይ ማኅበረሰቦች አሉ፣ ቁማር ቤት ያላቸው ከግማሽ በታች ናቸው። ከነሱም ዳጎስ ያለ ቼክ የሚያካፍሉት ጥቂት ናቸው። ወሳኙ ቦታ ነው። ቋላ ከአትላንታ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ቱሪስትም በደጁ ያልፋል። በደቡብ ዳኮታ ፓይን ሪጅ ያሉት ላኮታዎችም ካሲኖ አላቸው። በዙሪያቸው ግን ባዶ ሜዳ ነው፣ ማን መጥቶ ይጫወት? በአሜሪካ ካሉት ድሃ አካባቢዎች አንዱ እስካሁን እሱ ነው። በቋላ መንገድ ዳር የሚለበሰው የላባ ቆብ ባለቤቶች እነሱ መሆናቸውን ሳስብ ነገሩ ይከነክነኛል።

ቋላም ቢሆን የተማመነው በአንድ ቤት ነው። ለብዙ ዓመታት በግዛቱ ካሲኖ የነበራቸው እነሱ ብቻ ነበሩ። በ2021 ካታውባ የተባለው ሌላ ነባር ሕዝብ ከትልቋ ከተማ ከሻርሎት አጠገብ ከፈተ። ቼሮኪዎቹ በፍርድ ቤት ሊያስቆሙት ሞክረው አልሆነም። በሚያዝያ 2024 ደግሞ የካናቢስ መደብር ከፈቱ። በግዛቱ ሕግ ካናቢስ ክልክል ነው፣ ወሰኑ ውስጥ ግን የራሳቸው ሕግ ነው የሚሠራው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ቢንጎውም፣ ካሲኖውም፣ ይሄም አንድ ዓይነት ንግድ ነው። ጎረቤት የሚከለክለውን ከመስመሩ ወዲህ መሸጥ። ጎረቤት የፈቀደ ዕለት ገበያው ይቀዘቅዛል።

መስመሩ ውስጥም ሌላ መስመር አለ። ገንዘቡ እኩል የሚካፈለው መዝገብ ላይ ባሉት መሃል ነው፣ አሁን ከ16 ሺህ በላይ ናቸው። መዝገቡ ላይ ለመግባት በቀጥታ ከምትወለድባቸው ሰዎች አንዱ በ1924 በተዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ደምህም ቢያንስ አንድ አሥራ ስድስተኛ ቼሮኪ መሆን አለበት። በፊት ይህ የማንነት ጥያቄ ብቻ ነበር። ቼኩ ሲመጣ የሒሳብ ጥያቄም ሆነ፣ እያንዳንዱ አዲስ ስም የሌላውን ድርሻ ይቀንሳልና። «እገሌ በእውነት ቼሮኪ ነው ወይ?» የሚለው ሐሜት ከገንዘቡ ጋር አብሮ አደገ። ማኅበረሰቡ መዝገቡን ኦዲት እስከማስደረግ ደርሷል።

አንድ አሥራ ስድስተኛ የሆነች እናት ከውጭ ሰው ትወልዳለች እንበል። ልጇ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ነው። ከስሟ ሥር አይጻፍም። ቋንቋውን እዚያው ቢማር፣ ፊደሉን ከመንገድ ምልክቱ ላይ እያነበበ ቢያድግም አይጻፍም። በሰኔ ለእናቱ ቼክ ይመጣል፣ ለአክስቱ ልጅ በአደራ ይቀመጣል። ለሱ የሚቀመጥ የለም። 18 ሲሞላው ካሲኖው ውስጥ ሥራ ማመልከት ይችላል፣ ሥራው ለማንም ክፍት ነው።